ገዥ የጠገበበት ቤት

የአገሬን ስም አልነግራችሁም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን ቀርቶኝ ነው የምፈራው? አፍሬ ነው። የራሴን ስም ግን ልንገራችሁ። ጫኔ እባላለሁ፤ የሰፈሩ ሰው አያ ጫኔ ይለኛል። ሥራዬ ገመድ መግመድ ነው። በገበያ ቀን ከብት ተራ ጥግ ቁጭ ብዬ የላም፣ የበሬ፣ የፍየል ገመድ እሸጥ ነበር። አሁን የሚገዛኝ የለም። ገመዱ ሞልቷል፤ የሚታሰረው ነው የጠፋው።

ነገሩ የተጀመረው በጣሳ ነው፤ እህል በምንሰፍርበት ጣሳ። ኑሮ ጣራ ሲነካ ሕዝቡ ጮኸ። ሹማምንቱም ተሰበሰቡ፤ ሰንጋ ጥለው ሲመክሩ ሰነበቱና "ከዛሬ ጀምሮ የእህል ዋጋ ቤሳ አይጨምርም" ብለው አወጁ። እልል አልን። ገበያ ስንወጣ እውነትም ዋጋው አልጨመረም፤ ጣሳው ነው ያነሰው። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ አነሰ። በኋላማ የቡና ሲኒ አክሎ ቁጭ አለ። "ጣሳው አነሰ" ማለት በአዋጅ ስለተከለከለ "ጣሳው ጨመተ" በሉ ተባልን። እኛም እሺ አልን። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ "ገበያው እንዴት ዋለ፣ እቴ?" "ኧረ ተይኝ፣ ዛሬስ በጣም ጨምቷል!" ይባባላሉ።

ማጉረምረም ስናበዛ ለሱም መላ ተበጀለት። የማጉረምረሚያ ሹም ተሾመልን፤ ከነበቅሎው፣ ከነጃንጥላው። ከገበያው ዳር በእሾህ አጥር የተከለለ ሜዳ ተሰጠን። ከበሮ ሲመታ እንገባለን፣ ሹማምንቱን ከነዘር ማንዘራቸው እንራገማለን፣ ከበሮው ሲደገም እንወጣለን። ሹሙ በር ላይ ቆሞ በፈገግታ፣ "ዛሬስ ወጣላችሁ?" ይለናል። እኛም ጎንበስ ብለን፣ "ወጥቶልናል፣ እግዜር ይስጥልን" እንለዋለን። ምን እናድርግ፤ ሰው በመልካም አፍ ከጠየቀን እምቢ ማለት አናውቅበትም።

ልጄ ስንዱ የወለደችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። እናቷ ሞታለች፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ያለነው እኔና እሷ ነን። ወንድ ልጅ ወለደች፤ አለኝታ አልኩት። ሲወለድ ደንዳና ነበር፤ እትዬ ደብሪቱ፣ ጎረቤታችን፣ አገላብጣ አይታው "ይሄስ ቤት ያቆማል" ብላ ነበር። ከዚያ የስንዱ ጡት ነጠፈ። የማትበላ እናት ወተቱን ከየት ታመጣዋለች? ልጁ ይስባል፣ ይስባል፣ ከዚያ ይተወውና ቀና ብሎ ያያታል። ማልቀሱን እንኳ ትቷል። እኔ ያንን ማየት ስላልቻልኩ ውጪ ወጥቼ ማንም የማይገዛውን ገመድ እገምዳለሁ። የሟቿን ሚስቴን ኩታ ሸጬ የአጃ ዱቄት ገዛሁ፤ ስንዱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አጥሚት እየጠጣች ጡቷ ይመለስ እንደሁ ብዬ። ትንሽ ተመለሰ። ዱቄቱ ግን እያለቀ ነበር፤ ሌላ የምሸጠው የለኝም።

ተስፋችን ጎተራው ነበር። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የመንግሥት ጎተራ አለ። ሙሉ ለመሆኑ ምስክሩ አይጡ ነው፤ በአገራችን የወፈረ ፍጥረት ቢኖር የጎተራው አይጥ ነው። ይህን ጎተራ የሚያስከፍት አንድ የጥንት ሕግ አለ፤ ቅምሻ ይባላል። ገዥው በዓመት አንድ ቀን ያለ አጀብ ከግቢው ይወጣና ዕጣ በወጣበት ሰው ቤት ይበላል። ጠግቦ ከወጣ አገሩ ጠግቧል ማለት ነው። ተርቦ ከወጣ ግን ጎተራው ተከፍቶ እህሉ እስከ አዝመራ ለሕዝብ ይታደላል። በቃ ሕጉ ይኸው ነው። ያወጡት አባቶች ብልሆች ነበሩ ይባላል፤ ይሆናል፣ ልጆቻቸውን ግን አያውቁም ነበር። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጎተራው ተከፍቶ አያውቅም። ዕጣው ሁልጊዜ ሌላ ሰፈር ይወጣል፤ ገዥው ሁልጊዜ ጠግቦ ይመለሳል። እኛም "እነዚያ አድርባዮች! ምን ሊሆኑ አበሉት?" እያልን ያንን ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ስንሰድብ እንከርማለን።

በዚያ ዓመት ዕጣው የኔ ቤት ላይ ወጣ።

ጉድ ፈላ! ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። "ከአያ ጫኔ ቤት የባሰ ባዶ ቤት ከየት ይመጣል? እግዜር ራሱ ነው ያወጣው!" እያሉ አቀፉኝ፣ ሳሙኝ። በድህነቴ እንዲያ ተከብሬ አላውቅም። ጋሽ ልሳኑ፣ የሰፈራችን ጫማ ሰፊ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሁላችንንም ግቢዬ ሰበሰበን። "እንግዲህ ልብ በሉ" አለ። "ሌላው ሰፈር በፍርሃት አበላ። እኛ አንፈራም። ባዶ ገበታ ይቀርብለታል። ቁራሽ ያቀመሰ፣ ጉንጭ ያጠጣ፣ ከሰው አይቆጠር!" ሁሉም በየልጁ ስም ማለ። እትዬ ደብሪቱማ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ "እኔ ደብሪቱ! እንኳን ላበላው፣ ውሃ የጠጣበትን ዋንጫ ድንጋይ ላይ ነው የምሰብረው!" ብላ ፎከረች። ስንዱ ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

የቅምሻው ዕለት ቤቴን አልጠረግሁም፤ "አትጥረግ" ተብዬ። ጎረቤቱ ግቢዬን ሞልቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ቆመ። እንዲህ ያለ ቁጣ በሰፈራችን አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ሞላ። ዛሬ አለቀለት አልኩ።

የጠበቅሁት ቦርጫም፣ ቀላ ያለ፣ የሚያስፈራ ሰው ነበር። የመጣው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነው። በእግሩ ስለመጣ ጫማው አቧራ ለብሷል። አብሮት ያለው የሆድ አድማጩ ብቻ ነው፤ የሆድ አድማጭ ማለት ከቅምሻ በኋላ ጆሮውን የገዥው ሆድ ላይ ለጥፎ መጥገብ አለመጥገቡን የሚመሰክር ትልቅ ባለሥልጣን ነው። ሽማግሌው ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ "ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?" አለ። ማንም አልመለሰለትም። ኧረ እንዴት ይከብዳል! ሰላምታ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ አንዷ ብቻ፣ "እግዜር ይመስገን" ስትል ሰማሁ። እትዬ ደብሪቱ ናት። "ከአፌ አምልጦኝ ነው" አለች በኋላ።

ሽማግሌው ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ባዶውን ገበታ አምጥቼ ፊቱ አኖርኩት። ልቤ "አለኝታ፣ አለኝታ" ይላል። እሱ ገበታውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እጆቹን ዘረጋ። ልታጠብ ማለቱ ነው። አስታጠብኩት። ለባዶ ገበታ እጁን በደንብ ታጠበ፣ አራገፈ፣ ጠበቀ። የሆድ አድማጩ ጣሪያውን ያያል።

"ምንም አይደል" አለ ሽማግሌው በመጨረሻ። "ቤት ያፈራውን ነው። ትንሽ አረፍ ልበልና እሄዳለሁ፤ መንገዱ አድክሞኝ ነው።" ከዚያ ሳለ። እንደ ገዥ አይደለም የሳለው፤ እንደ ማንም ሽማግሌ፣ እንደ አባቴ ነው የሳለው።

እንግዲህ ያን ጊዜ አንድ ነገር ቤቱ ውስጥ ገባ። ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው። እንግዳ ተቀምጧል፤ ገበታው ባዶ ነው። የጎረቤቱን ፊት አየሁ፤ ቁጣው እንደ በረዶ ሲሟሟ ይታየኛል። እርስ በርሱ መተያየት ትቶ መሬት መሬት ያያል።

"ኧረ በፈጠራችሁ! ሽማግሌ ሰው እኮ ነው!" አለች እትዬ ደብሪቱ፣ እየወጣች። ወዲያው በቀሚሷ ጫፍ የተቆላ ሽምብራ ይዛ ተመለሰች። "ይኸ ምግብ አይደለም፤ አፍ ማሟሻ ነው" አለች ማንንም ሳታይ። ከዚያ አንዱ ሄዶ እንቁላል አመጣ። አንዷ ቂጣ። አንዱ በቅል የታሸገ ቅቤ፤ ለሠርግ ያስቀመጠው። ጋሽ ልሳኑ ከሁሉም ዘግይቶ ጎንበስ ጎንበስ እያለ በብርጭቆ ማር ይዞ ገባ። "ለሳሉ ነው" አለኝ በጆሮዬ፤ "መድኃኒት መስጠት ከመሐላው ውጪ ነው።" ይህን ሁሉ የት ደብቀውት ኖሯል? ልጄ ፊታቸው ስትከሳ፣ አለኝታ ፊታቸው ሲደርቅ፣ የት አስቀምጠውት ነበር? አልተቀየምኳቸውም፤ ለክፉ ቀን ብለው ይዘውት ነው። ለኛ ሰው ክፉ ቀን ማለት ልጅ ሲራብ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ነው።

ገበታው ሞላ። የሚጠጣ ብቻ ጎደለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የቤቱ ጌታ እኔ ነኛ! የሰው ማዕድ ቤቴ ሞልቶ እኔ አንዲት ነገር አላቀረብኩም። ፊቴ ተቃጠለ። ጓዳ ገባሁ። ስንዱ ልጇን አቅፋ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ማሰሮው ውስጥ የመጨረሻው አጥሚት አለ። እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዘችኝ።

"አባዬ፣ እሱን ተወው።"

"እንግዳ ነው፣ ልጄ።"

"ተርቦ ይውጣ አላላችሁም? አልማላችሁም?"

"ስንዱዬ፣ የሰው ፊት አታይም? ምን ይሉናል?"

"ማን ነው የሚለን?"

ክንዴን ቀስ ብዬ አስለቀቅሁና አጥሚቱን ቀድቼ ወጣሁ። ሞቅ ያለ ነበር። ሽማግሌው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ "ይስጥልኝ፣ ቤታችሁ አይጉደል" ብሎ መርቆኝ ጠጣው። አተላውን ሳይቀር በጣቱ ጠረገው። የሆድ አድማጩ ተንበርክኮ ጆሮውን ሆዱ ላይ ለጠፈ። "ጸጥ በሉ!" አለን፤ ጸጥ አልን። ተነስቶ አቧራውን አራገፈና፣ "ጠግበዋል!" ብሎ ጮኸ። እኛም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ "እንኳን ጠገቡ!" አልን፤ ሁላችንም በአንድ አፍ። ደጅ ድረስ ሸኘነው። ሲሄድ እያየን ደስ አለን፤ አላሳፈርነውማ! መንገዱ መታጠፊያ ላይ ከዓይናችን ሲሰወር ነው ያደረግነው የገባን። አንድ በአንድ፣ ሳንተያይ፣ ወደየቤታችን ገባን።

ዕለቱን አዋጅ ተነገረ፦ አገሩ ጠግቧል። ጎተራው እንደታሸገ ይቀራል ተባለ፤ በኋላ ደግሞ "ከጥጋብ የተረፈ" ተብሎ እህሉ በመኪና እየተጫነ ድንበር ተሻግሮ ሊሸጥ ወጣ። ጆንያውን የተሸከሙት የኛው ሰፈር ጎረምሶች ናቸው፤ ሥራ በመገኘቱ አመሰገኑ። ጣሳው እንደገና ጨመተ። እኔ ቤት ደጃፍ ላይ "ገዥ የጠገበበት ቤት" የሚል ሰሌዳ ተቸነከረ፤ የማጉረምረሚያ ሹሙ በበቅሎው መጥቶ ራሱ መረቀው። ቆሜ አጨበጨብኩ።

አለኝታ የሞተው መስከረም ሳይጠባ ነው። ታሞ አይደለም፤ ሕመም የሚባል ነገር አልያዘውም። አንድ ቀን ጧት ስንዱ ጡቷን ብትሰጠው አልያዘውም። ጠራችው። ከዚያ እኔን ጠራችኝ። ክብደቱ የአንድ ጭብጥ ገመድ አያክልም ነበር፤ እኔ ነኝ ተሸክሜው የሄድኩት። ከዚያ ወዲያ ስለሱ ልነግራችሁ አልችልም።

ለቅሶ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ገዥውን ተራገሙ። የማጉረምረሚያ ሹሙም መጥቶ "ለሐዘኑ ሲባል" ግቢዬ ውስጥ ያለ ከበሮ እንድናጉረመርም ፈቀደልን። "ያ ሽማግሌ ተንኮለኛ ነው" አለ ጋሽ ልሳኑ፤ "ሳሉን እንኳ ተለማምዶት ነው የመጣው።" "ኧረ ምስኪን ነው፤ የሚያበላሹት ሹማምንቱ ናቸው፤ እሱ ምን ያውቃል?" አለች እትዬ ደብሪቱ። ይህን ሲከራከሩ ዋሉ። እኔ ፊቱን በቅርብ አይቼዋለሁ፤ ያውቅ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሽምብራውን፣ ቅቤውን፣ ማሩን በወሬ ያነሳ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስንዱ ከነሱ መሀል ተቀምጣ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ከዚያም በኋላ ወራት ሙሉ "እሺ" እና "እምቢ" ካልሆነ ከአፏ ቃል አልወጣም። በሰው ፊት የቀረበላትንም አትበላም ነበር።

ዓመቱ ዞሮ የቅምሻ ሰሞን ሲደርስ አንድ ሰው ቤቴ መጣ። እርገጤ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ሸማኔ። የዘንድሮው ዕጣ በሱ ቤት ወጥቷል። ሰሌዳውን አይቶ ነው የመጣው።

"አባቴ" አለኝ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ፤ "ሚስቴ እርጉዝ ናት። ሰፈራችን ምሎ ጨርሷል፤ አናበላውም ብለናል። እርስዎ አይተዋልና ይምከሩኝ ብዬ ነው። ምን ይሻላል?"

"ምንም አታቅርብ!" አልኩት። ደሜ ፈላ። "ስማኝ ልጄ፣ ቢስል አትስማው፣ ቢመርቅህ አሜን አትበል። ጎረቤትህ ገበታህ ላይ አንዲት ፍሬ ቢጥል እጁን ቁረጠው! ባዶ! ባዶ ነው የምታቀርብለት፣ ገባህ?"

"ገብቶኛል" አለ። ዓይኑ ግን ወደ ታች ሄደ። የሱን ዓይን ተከትዬ እኔም ዝቅ ብዬ አየሁ። ስናገር፣ ስቆጣ፣ ስምል፣ እጄ ለማታ ያስቀመጥናትን ቂጣ በሳህን አውጥቶ ፊቱ አኑሮለታል። ከመቼው እንዳነሳኋት አላውቅም፤ እውነቴን ነው የምላችሁ። እሱም ላለማሳፈር ጫፏን ሊቆርስ እጁን ዘርግቷል።

ስንዱ ከጓዳ ወጣች። ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው።

በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። የሰውየው እጅ አየር ላይ ቀረ። እኔ "ስንዱ!" ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

"እኛ ቤት የሚበላ የለም" አለችው። ድምጿ ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ ሻካራ ሆኗል። "አሁን አንተ በል።"

"ምን ልበል?"

"ይኸንኑ። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ቤትህ ገብቻለሁ። 'እኛ ቤት የሚበላ የለም' በለኝ።"

ሰውየው አፉን ከፈተ። ዘጋው። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። "እኛ ቤት..." አለና ቆመ። "እኅቴ፣ ሌላ ቃል የለም? 'ዛሬስ አልተመቸንም' ብልስ?"

"አይሆንም። ደግመህ በል። መሬት አትይ፤ እኔን እያየህ።"

"እኛ ቤት የሚበላ..." እንባው መጣ። ትልቅ ሰው፣ ባለ ትዳር፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ስንዱ አልራራችለትም፤ ቆማ ጠበቀችው። ሲቆይ፣ በደከመ ድምፅ፣ ሙሉውን አወጣው። አስደገመችው። በሁለተኛው ትንሽ ጠነከረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። እኔም ልጄን እያየሁ፣ "እኛ ቤት የሚበላ የለም" አልኩ። ያቺን ቃል ተናግሬ ስጨርስ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ስንዱ ቂጣውን ከሳህኑ አንስታ፣ እንግዳ ፊት እንደቆመች፣ ማንንም እንብላ ሳትል፣ እየቆረሰች መብላት ጀመረች። ሰውየው ባርኔጣውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ጭንቀቱ መለሰው።

"ግን" አለ፣ "ሽማግሌው ቢከፋቸውስ?"

"ይክፋቸው" አለች ልጄ፣ እየበላች።